ከማጅራቴ ኋላ የቆሙት ቢትወደድ

ዳማ የሁለት ሰው ጨዋታ ነው የሚል ካለ፣ ዳማ ሲጫወቱ አላየም ማለት ነው። ጨዋታ ባለበት ሁሉ አንድ ትርፍ ሰው አለ። እሱ አይጫወትም፤ ከኋላ ቆሞ ይመክራል። ዳማ ከሆነ ጠጠሩን በዓይኑ ያንቀሳቅሳል፤ ካራምቡላ ከሆነ ኳሷን በትከሻው ይገፋታል። ከተሸነፋችሁ «ብያችሁ ነበር» ይላል። ካሸነፋችሁ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ አላፊ አግዳሚውን ያያል፣ ምስጋናውን ሊቀበል። ቁጭ በል ብትሉት እሺ አይልም። ይህ ሰው ወንበር ያጣ ሳይሆን ወንበር እየተሰጠው እንቢ ያለ ነው።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ከተማ የለም፤ የፍኖተ ሰላሙ ግን ከሁሉም ይበልጥ ነበር። እኔ በብዙ ነገር እርግጠኛ ያልሆንኩ ሰው ነኝ፤ በዚህ ግን እርግጠኛ ነኝ። አያ እጅጉ ይባሉ ነበር፤ ነፍሳቸውን ይማር። ከተማው «ቢትወደድ» ይላቸዋል። ሹመቱን የሰጧቸው ዳማ ተጫዋቾች ናቸው፤ አማካሪነቱ ካልቀረ ማዕረጉም ይኑራቸው ብለው።

ቢትወደድ በጉልምስናቸው ከቡሬ ተነሥተው፣ ዓባይን እየተሻገሩ፣ ወለጋ ድረስ በበቅሎ ጭነት ያመላልሱ ነበር። የመኪናው መንገድ ሲመጣ በቅሎዎቹን ሸጡ፤ መንዳቱን ግን አልተዉም። ጋሪ ሲጫን ካዩ ቆመው ያስጭናሉ። ጎረቤት ቤት ሲሠራ ካዩ የተመታውን ማገር ያስነቅላሉ። ንግግራቸው ሁልጊዜ የሚጀምረው «እኔ ምን አገባኝ፤ ብቻ…» ብሎ ነው። ከ«ብቻ» በኋላ የሚመጣውን እስከ መጨረሻው የሰማ ሰው ያን ቀን ሌላ ሥራ አይሠራም። ከካራምቡላ ቤት ሁለት ጊዜ ተባረዋል። በሁለተኛው ጊዜ ደጃፉ ላይ ቆም ብለው፣ «እኔ ምን አገባኝ፤ ብቻ ሰው ስታባርሩ በዚያኛው በር ይሁን፤ እሱ ይሰፋል» አሉ ይባላል።

እኔ ዘንድ የመጡት በ1995 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ማተሚያ ይዤ ማመልከቻ እጽፍ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ ያልመጣልኝ፣ ሰው ዓይን ለዓይን ሲያየኝ የምደነግጥ ሰው ነበርኩ። ስለዚህ ፊቴን ወደ ግድግዳው፣ ጀርባዬን ወደ በሩ አድርጌ መሥራቱ ተስማምቶኝ ነበር።

አያ እጅጉን ያመጣቸው ጉዳይ አንድ ነው። ልጃቸው ሀይሉ ባድመ ዘምቶ ነበር። ጦርነቱ ካበቃ ሁለት ዓመት አልፏል፤ የመጨረሻው ደብዳቤው የደረሰው ከዚያ በፊት ነው። ሞተ ያለ የለም፤ ተማረከም ያለ የለም። ስለዚህ በየሁለት ወሩ እየመጡ «ልጄ ያለበት ይነገረኝ» የምትል ማመልከቻ ያስጽፋሉ። መልስ አይመጣም። እሳቸው ደግሞ መልስ ያልመጣው አጻጻፉ ስላልተቃና ነው ብለው ስለሚያምኑ፣ ከኋላዬ ቆመው ያርሙኛል። በገዛ ልጃቸው ጉዳይ እንኳ «እኔ ምን አገባኝ፤ ብቻ እዚህ ጋ ‹በትሕትና› ጨምርበት» ይላሉ። በአንድ ገጽ ላይ «በትሕትና» ሰባት ጊዜ የገባበት ማመልከቻ ጽፌላቸዋለሁ።

በኮምፒውተሬ ውስጥ የአክስቴ ልጅ ከባሕር ዳር በሲዲ ገልብጦ ያመጣልኝ ጌም ነበር። የዓለም ካርታ ነው። አንድ አገር ትመርጥና አራት መቶ ዓመት ታስተዳድራለህ፤ ግብር ትጥላለህ፣ ልጅህን ለጎረቤት ንጉሥ ትድራለህ፣ ትዋጋለህ፣ ትታረቃለህ። የሚያስተምር ሰው የለ፣ እንግሊዝኛው ከባድ። የኛኑ አገር መርጬ፣ መዝገበ ቃላት ጉልበቴ ላይ አድርጌ እየተማርኩ ስድስት ጊዜ መንግሥት ገልብጫለሁ፤ ስድስቱም የራሴ ነበሩ።

አንድ ቀን አያ እጅጉ ማመልከቻቸው እስኪታተም ሲጠብቁ ካርታውን አዩት። ምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ጨዋታ ነው አልኳቸው። ከማን ጋር እንደምጫወት ጠየቁ፤ ብቻዬን አልኩ። «ብቻህን? ታዲያ ማን ይመክርሃል?» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብቻዬን ተጫውቼ አላውቅም።

ጨዋታውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው ብል የሚያምነኝ የለም። የእንግሊዝኛ ፊደል አይለዩም፤ ማውሱንም ነክተው አያውቁም ነበር። አንድ ጊዜ ወደ በረሃ የላክሁት ጦር ሳይዋጋ ቁጥሩ በየወሩ ይቀንስብኝ ጀመር። ቫይረስ ገብቶ ነው ብዬ ኮምፒውተሩን ላጠፋው ስል፣ «ተው፤ ስንቅ አልቆባቸው ነው» አሉ። «በቅሎም እንዲህ ናት፤ አንድ ቀን አትወድቅም፣ በየቀኑ ታንሳለች። በወንዙ ዳር አዙራቸው።» አዞርኳቸው፤ መቀነሱም ቆመ። መዝገበ ቃላቴን ዘግቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ሌላ ቀን ንጉሣችን ሞተ። ስክሪኑ መሐል አንድ ሰሌዳ ብቅ አለና መሞቱን ነገረን፤ ከሥሩ «እሺ» የሚል አንድ ቁልፍ ብቻ አለ። ልጫነው ስል ትከሻዬን ያዙኝ። «ንጉሥ ሞቶ እሺ ብቻ? ሰልስቱ ሳይወጣ?» አሉ። ኮምፒውተሩን የአቧራ ልብሱን አለበስነው። ሦስት ቀን ሙሉ የመጣውን ባለጉዳይ ሁሉ «ለቅሶ ላይ ነን» እያሉ መለሱብኝ። ከመጡት አንዱ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ብሎኝ ሄደ።

ከጭፍሮቻችን አንዱን «ዳሞት» አልነው፤ ጨዋታው ለጦርህ ስም ስጥ ይላል። ስሙን የመረጡት እሳቸው ናቸው፤ የኛው የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ምድር የጥንት ስም ነው። ጠዋት በሬን ሲያልፉ ከሰላምታ በፊት «ዳሞት የት አደረ?» ይላሉ። ያደረበትን እነግራቸዋለሁ። «በልቷል?» ይላሉ። በልቷል እላለሁ። ዳሞትን ወደ ውጊያ ስልከው ከልክለውኝ አያውቁም፤ ጦር ነው፣ ይዋጋል ይሉ ነበር። ብቻ ከውጊያው በኋላ የቀሩትን ያስቆጥሩኛል፤ የጎደለው ሳይሞላም ንቅንቅ አያስደርጉኝም። የሀይሉን ስም ከጨዋታው ጋር አንድም ቀን አላነሡም። እኔም አላነሣሁም።

በሚያዝያ አንድ ሰኞ፣ ማተሚያው የተበላሸበት አንድ መሥሪያ ቤት በእጅ የተጻፈ ዝርዝር ላከብኝ። ያመጣው ሰው በሩን ዘጋና አስማለኝ። በጦርነቱ የወደቁት የአካባቢያችን ልጆች ስም ነበር። መርዶው በቀጣዩ ሳምንት ማክሰኞ ንጋት ላይ፣ በየቤቱ በአንድ ጊዜ፣ በሽማግሌዎች ይነገራል፤ እስከዚያ ከአፍህ እንዳይወጣ አለኝ። ባያስምለኝም አውቀው ነበር። መርዶ በኛ አገር በወሬ አይሰማም። ንጋት ላይ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚወድቀውን የሚይዝ እጅ ባለበት ነው የሚነገረው።

ተራ ቁጥር ሃያ ሦስት ላይ ደረስኩ። «ሀይሉ» ብዬ ጻፍኩ። የአባቱን ስም ለመጻፍ ግን ጣቶቼ ፊደሎቹን አጧቸው። ከኋላዬ ማንም አልነበረም፤ ሆኖም ሁለት ጊዜ ዞሬ አየሁ።

በማግስቱ ጠዋት «ዳሞት የት አደረ?» እያሉ ገቡ። መዋሸት አልችልበትም፤ ስለዚህ ጨዋታው እንዲዋሽልኝ አደረግሁ። ጦር ታውጆብን ነበር። ሌሎቹን ጭፍሮች ላክሁና ዳሞትን ከግንባር አውጥቼ ከዓባይ ማዶ ባለች ጸጥ ያለች ቆላ አሳረፍኩት። ረቡዕም እዚያው። ሐሙስ ምሽጋችን ሲፈርስ፣ ሊደርስለት የሚችለው ዳሞት ብቻ ሆኖ ሳለ፣ አላንቀሳቀስኩትም። ሌላ ጊዜ ቢሆን አያ እጅጉ ትከሻዬን ነቅንቀው ይገሉኝ ነበር። ያን ቀን «እኔ ምን አገባኝ» እንኳ አላሉም።

ዓርብ ዕለት ብዙ ከቆሙ በኋላ ጠሩኝ።

«ወንዳወቅ።»

«አቤት፣ አያ።»

«ዳሞትን ከዘመቻ አስቀረኸው።»

«ደክመው ነው፣ አያ።»

«ሦስት ቀን ሙሉ ተኝተው ነው የዋሉት።»

አልዞርኩም። ፊቴን ወደ ግድግዳ ያዞርኩት ሰው እንዳያነበኝ ነበር። ዕድሜ ልኩን ከሰው ኋላ የቆመ ሰው የሚያየው ሰሌዳውን ብቻ እንዳልሆነ ግን አላሰብኩም። የተጫዋቹን ማጅራት ያያል። ዳማ ተጫዋቾቹ እጃቸውን ሳያነሡ ምን እንዳሰቡ ያውቁባቸው የነበረው በዚያ ነው።

«እኔ ምን…» ብለው ጀመሩ፤ አልጨረሱትም። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ። «ይሄስ ያገባኛል» አሉ። «ቀኑ መቼ ነው?»

«ማክሰኞ» አልኩ።

መሐላዬ የፈረሰው በዚያች አንድ ቃል ነው። ኋላ ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸው ሰግጄበታለሁ፤ ትክክል ይሁን ስሕተት ግን እስከ ዛሬ አላወቅሁም። አያ እጅጉ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ጦር የት እንደሚሰፍር በሚመክሩበት ድምፅ፣ «ንግሥቴ እንዳትሰማ» አሉ። ባለቤታቸው ናቸው፤ የሀይሉ እናት። «እስከ ማክሰኞ ትተኛ።»

ቅዳሜ ከገበያ መልስ ወይዘሮ ንግሥቴ ራሳቸው አስከትለዋቸው መጡ። ለካ ሁለት ወሩ ሞልቷል። የሰው ዳማ ሲጠብቅ የልጁን ማመልከቻ ረሳው እያሉ ባላቸውን ከሰሱልኝ፤ በሩ አጠገብ ካለችው ዱካ ላይም ተቀመጡ። አያ እጅጉ ከኋላዬ ቆሙ። «ልጄ ያለበት ይነገረኝ» የሚለውን ስጽፍ አንድ ጊዜ ሳሉና፣ «እኔ ምን አገባኝ፤ ብቻ እዚህ ጋ ‹በትሕትና› ጨምርበት» አሉኝ። ጨመርኩበት። ወይዘሮ ንግሥቴ ወረቀቱን አጣጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ከተው ሄዱ።

ሰኞ ቢትወደድ እንደ ወትሯቸው ገበያው ዳር ጋሪ አስጫኑ፤ ባለጋሪውም እንደ ወትሮው ተማረረባቸው። ከሰዓት በኋላ ከእድሩ አግዳሚ ወንበሮች አውጥተው ግቢያቸው ሲያስገቡ ሰው ቢጠይቃቸው፣ እግራቸው ስለላላ ላጠብቃቸው ነው አሉ። እስኪመሽ ድረስም ሚስማር ሲመቱ ተሰሙ። ነገ ማን እንደሚቀመጥባቸው የምናውቀው ሁለት ብቻ ነበርን።

ማክሰኞ ንጋት ከሽማግሌዎቹ ኋላ ሄድኩ። በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። የሽማግሌው ቃል ገና ሳይወጣ አያ እጅጉ ባለቤታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋቸው ነበር። ቃሉ ሲወጣ፣ ያን ጊዜ እንደሰማ ሰው ጮኹ። ማስመሰል አይምሰላችሁ። ከዓርብ ጀምሮ ያቆዩት ጩኸት ነው።

አርባው ካለፈ በኋላ፣ በሰኔ፣ አንድ ጠዋት መጡ። ጨዋታውን ከዚያ ወዲህ አልከፈትኩትም ነበር።

«ዳሞት የት አደረ?» አሉኝ።

«እዚያው ነው፣ አያ። ከዓባይ ማዶ።»

«ተነሣ እስቲ።»

ተነሣሁ። ወንበሬ ላይ ተቀመጡና ማውሱን እንደ ጫጩት በሁለት እጃቸው ያዙት። እኔ ከኋላቸው ቆምኩ። ከኋላ መቆም ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። የማውሱ ቀስት ወዲያና ወዲህ ስትልባቸው፣ ጭፍራውን ወደ በረሃው ሲያዞሩት፣ መልሰው ሲያመጡት፣ ምላሴን ነክሼ ዝም አልኩ። ማጅራታቸውን አየሁ። ለሐዘን ያላስተካከሉት ፀጉር ነጭ ሆኖ ኮሌታቸው ላይ ወርዷል። መሻገሪያው ጋ ሲደርሱ ግን እጃቸው አልሳተም፤ ስንት ዘመን በበቅሎ የተሻገሩት ወንዝ ነው።

ዳሞት ጎጃም ገባ። አሁን ይበተኑ አሉ። ቁልፉን አሳየኋቸው፤ ተጫኑት። አንድ ሰሌዳ ብቅ አለ።

«ምን ይላል?»

«እርግጠኛ ነህ ወይ ይላል፣ አያ።»

ስክሪኑን ትክ ብለው አዩት። «እሱን ምን አገባው» አሉና ተጫኑ።

ጭፍራው ከካርታው ላይ ጠፋ። በዚያ ጨዋታ ያለቀ ጦርም፣ ቤቱ የገባ ጦርም አጠፋፉ አንድ ነው፤ ዓይቶ የሚለየው የለም። አያ እጅጉ ባዶውን ቦታ በጣታቸው ነኩት።

«ገቡ?»

«ገቡ፣ አያ።»

ተነሡና ወንበሩን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉልኝ። ዞረው ከድሮው ቦታቸው ቆሙ። እኔም ተቀመጥኩ። ውጭ ዝናብ ማካፋት ጀምሮ ነበር።

«እኔ ምን አገባኝ» አሉ፤ «ብቻ የዘር ጊዜ ነው። ደግመህ አትጥራቸው።»

እሺ አልኳቸው። አልዞርኩም፤ ማጅራቴን ግን ቀና አድርጌ ያዝኩላቸው።