«እሱስ ምን ይላል?» ባይዋ አክስቴ

በየቤተሰቡ አንድ ፍትሐዊ ሰው አይጠፋም፤ ቤተሰቡም መከራውን የሚያየው በዚሁ ሰው ነው። ሌባን በር ዘግተን እንከላከለዋለን። ፍትሐዊውን ግን ወንበር ስበን፣ ምሳ አቅርበን የምናስቀምጠው እኛው ነን።

በኛ ቤት ይህን ከፍተኛ ሥልጣን የያዙት የእናቴ ታላቅ እህት፣ ክብርት አክስቴ ናቸው። አውቶቡስ ውስጥ እግራቸውን የረገጠ ሰው ዝም ብሎ ሲያልፍ «እግሬም መተላለፊያው ላይ ነበር» ይላሉ። ኪስ አውላቂ የቦርሳቸውን ሆድ ባዶ ሲያስቀረው፣ ፖሊስ ጣቢያ ሄደው «ዚፑን አልዘጋሁትም ነበር» ብለው ቃል ሰጡ። ሰው ሰውን ሊያማላቸው ሲቀመጥ፣ ወሬው ገና ሳይሞቅ «እሱስ ምን ይላል?» ይላሉ። አንድ ጊዜ ውሻ ነክሶኝ ልነግራቸው ሄጄ፣ ያው ጥያቄ ከንፈራቸው ላይ ሲደርስ አይቼ ቁስሌን ይዤ ወጥቻለሁ።

እንግዲህ እኚህ ሴት ናቸው ብቸኛ ምስክሬ።

የእናቴ የስፌት መኪና ተበላሸና ወደ ጠጋኝ ወሰድኩት። አክስቴም አብረውኝ ነበሩ። ደረሰኝ አልተቀበልኩም። ሰንብቼ ስመለስ ጠጋኙ «ዋጋ ተወደደብን ብላችሁ ይዛችሁት ሄዳችሁ የለ እንዴ?» ብሎ ዓይኔን እያየ ሽምጥጥ አድርጎ ካደ። እናቴ እኛን ያሳደገችው በዚያ መኪና ነው። አሁን የሰው ቀሚስ ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ በደከመ ዓይኗ በእጅ መስፋት ያዘች። ከሰስኩት። ትናንሽ ክሶችን የሚያየው ችሎትም የምስክሬን ቃል በጽሑፍ እንዳቀርብ አዘዘኝ።

አክስቴ ቤት፣ ምግብ ጠረጴዛው ላይ፣ እስክሪብቶዬን መዝዤ ተሰየምኩ። «ጠጋኙ መኪናውን ተቀብሎ ካደ» ብዬ ጻፍኩና አነበብኩላቸው።

«‹ካደ› የሚለውን ሰርዝ።»

«እትዬ፣ ክዷል እኮ!»

«መቀበሉን አይቻለሁ። ሲክድ ግን አልነበርኩም። ያላየሁትን ከምመሰክር ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

ሰረዝኩ።

«ደግሞ ጻፍ። ያለችውን አንዲት ወንበር ለኔ ለቆ፣ እሱ ቆመ።»

«ይኼ ለኛ ምን ይጠቅመናል?»

«ሆኗል ወይስ አልሆነም?»

«ሆኗል።»

«ጻፋ! አንተም በሩን በእግርህ በርግደህ ገባህ።»

«እጄ መኪና ተሸክሞ በምኔ ልክፈተው?»

«እሱም ይጻፍ።»

ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ይባላል። የኔ ዘመድ አመዱን እኔው ላይ አራገፉት። ጽፈን ስንጨርስ ከሳሹ እኔ ልሁን እሱ ግራ ገባኝ። እሳቸው ግን ሁለቴ አንብበው፣ ሳይቸኩሉ ፈረሙ።

የችሎቱ ቀን ጸሐፊው «የከሳሽ ምስክር» ብሎ ጠራ። አክስቴ ተነሡ። «የተከሳሽ ምስክር» ብሎ ጠራ። አክስቴ አልተቀመጡም።

«እማማ፣ እርስዎ ቀድመው ተጠርተዋል። ይቀመጡ።»

«የሱም እኔው ነኝ» አሉ። «መጥቶ ጠየቀኝ፤ ምን ብዬ እከለክለዋለሁ?»

ደሜ ፈላ። ለካ ጠጋኙም ተደብቆ ሄዶ፣ በሩን በእግሬ መምታቴንና የሱን ሰው አክባሪነት እንዲመሰክሩለት ለምኗቸው፣ እሳቸውም ቃላቸውን ጽፈው፣ ፈርመው ሰጥተውት ኖሯል። ከመጀመሪያው ገጽ ሌላ እንዳላነበበ ያወቅሁት፣ ዳኛዋ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘርግተው ሲያነቡ ፊቱ ሲለዋወጥ ነው። ከበሩ እስከ ወንበሩ፣ ከወንበሩ እስከ «እዚህ ጋ አስቀምጠው፤ ሠርቼ እጠብቅሃለሁ» ድረስ ሁለቱም አንድ ቃል ነበሩ።

«መኪናውን ትቶልህ ሄደ የሚሉት የራስህ ምስክር ናቸው» አሉት ዳኛዋ። «ይዋሻሉ ትላለህ?»

ጠጋኙ አክስቴን አያቸው። እሳቸውም አዩት፤ ቂም የሚባል ነገር ፊታቸው ላይ አልነበረም።

«እሳቸውስ አይዋሹም» አለ አንገቱን ደፍቶ። መኪናውን ለሌላ ደንበኛ በስህተት አስረክቦት፣ መናገሩ አሳፍሮት ነበር የካደው። ፈልጎ ሊመልስ እዚያው ቃል ገባ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ደጅ ስንወጣ ግን አክስቴ እጄን ያዝ አደረጉኝ።

«በል፣ አንተም ስለ በሩ ይቅርታ በለው።»

አልኩት። ምን ምርጫ አለኝ?

ከቀናት በኋላ ጠጋኙ ራሱ መኪናውን ተሸክሞ ቤታችን አመጣው። እናቴ ክር ስታስገባ ቆሞ አየና፣ ልሸኘው በር ላይ ስንደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አክስትህ ዘንድ የሄድኩ ቀን ስላንተ ያላልኩት የለም። ባለጌ ነው አልኩ፤ ቀማኛ ነው አልኩ።»

«እሳቸውስ ምን አሉ?»

«ምን ይላሉ? ‹እሱስ ምን ይላል?› አሉኛ!»

ከኋላችን የእናቴ መኪና መንደቅደቅ ጀመረ። ሰው በሌለሁበት ምን ይለኝ ይሆን እያልኩ የምጨነቅ ሰው ነበርኩ። አሁን ስሜ የትም ይነሣ፤ እኔን ሳይሰሙ የማይፈርዱብኝ አንዲት ሴት አሉኝ።