ኡስታዝ ረእፋት ሲጋራ ያቆሙባቸው ጊዜያት

በእያንዳንዱ ሰፈር ሲጋራ ለማቆም የቆረጠ አንድ ሰው አለ። ከእሱ ጋር ከመኖር ከሚያጨሱ አሥር ሰዎች ጋር መኖር ይቀላል። የሚያጨስ ሰው ጢሱን ወደ ላይ ይለቃል፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። የሚያቆም ሰው ግን ማቆሙን ለትራም ነጂው፣ ለዳቦ ሻጩ፣ መንገድ ላይ ላገኘው ሁሉ ያስረዳል፤ ሲጨርስም «አንተስ መቼ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። በሕይወቱ አንድ ሲጋራ ያልነካ ሰው ሳይቀር ጥፋተኛ ነኝ እያለ ቤቱ ይገባል።

ለእኛ ሰፈር፣ ለአሌክሳንድሪያው ባኮስ፣ የደረሱን ክቡር ኡስታዝ ረእፋት ሺንዲ ናቸው። ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ በሐምሌ ሙቀት እንኳ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው ናቸው። እኔ ደግሞ ከትራም ፌርማታው ፊት ለፊት ያለችው መድኃኒት ቤት ባለቤት ነኝ፤ እኛ ዘንድ መድኃኒት ቀማሚዋንም ዶክተር ይሏታል። ስለዚህ ኡስታዝ ሲጋራ ባቆሙ ቁጥር አዋጁን ቀድሞ የሚሰማው የእኔ ጆሮ ነው። እስከ ባለፈው ዓመት ድረስ ዘጠኝ ጊዜ ሰምቻለሁ።

«ዶክተር፣ ይኼኛው ሌላ ነው» ይላሉ፣ ገና በሩን ሳይዘጉት።

«ያለፈውም ሌላ ነበር፣ ኡስታዝ።»

«ያለፈው ስሜት ነበር። ይኼኛው ጥናት ነው።»

በመጀመሪያው ጥናት የኒኮቲን ፕላስተር ወሰዱ። በቀን አንድ፣ ደረቅ ቆዳ ላይ፣ ቦታውን በየቀኑ እየቀያየሩ ይለጥፉ ብዬ ቀስ አድርጌ አስረዳኋቸው። በሦስተኛው ቀን ልቤ ከደረቴ ሊወጣ ነው እያሉ መጡ። እጅጌያቸውን ሰብስበው ሲያሳዩኝ ከትከሻቸው እስከ ክርናቸው አራት ፕላስተር እንደ ደሴት ተደርድሯል።

«አንድ ነበር ያልኩት።»

«አንዱ ለሚያቆም ሰው ነው» አሉኝ። «እኔ ቶሎ ለማቆም ፈልጌ ነው።»

ቀጥሎ የካሮት ዘመን መጣ። እጅና አፍ ሥራ ካገኙ ሲጋራውን ይረሳሉ የሚል ምክር የሆነ ቦታ አንብበዋል፤ ምክሩ ራሱ ክፉ አይደለም፣ እኔም ለሰው እሰጠዋለሁ። ኡስታዝ ረእፋት ግን ነገር በልክ አያውቁም። ትራም ላይ ካሮት፣ ፀጉር አስተካካዩ ጋ ካሮት፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ካሮት። ከአንድ ወር በኋላ መዳፋቸው ብርቱካን መስሎ ጉበቴ አለቀ ብለው መጡ። ካሮቱ ነው፣ ይተዉት ስላቸው እየተቆጡ ወጡ፤ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ወደ ሲጋራው ተመለሱ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን መንገዱ ሁሉ ሰማ።

ከሁሉም የባሰው አምስተኛው ነው። ለሰዎች መናገር ይረዳል፣ ይሉኝታ ያስራል የሚባለው እውነት ነው። ለሚያምኑት አንድ ሁለት ሰው ይናገሩ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን በሕንፃቸው በር ላይ «ክቡራን ጎረቤቶች ሆይ» የሚል ማስታወቂያ ለጠፉ፤ ከእሑድ ጀምሮ ሲጋራ ይዤ ያየኝ ሁሉ እንዲነጥቀኝ ሙሉ ሥልጣን ሰጥቻለሁ ይላል። ጎረቤት ደግሞ እንዲህ ያለ ሥልጣን አግኝቶ ዝም አይልም። በየደረጃው ያሸቷቸው ጀመር። በአራተኛው ቀን ኡስታዝ ጣራው ላይ ባለው የርግብ ቤት ውስጥ ተደብቀው ሲያጨሱ ጢሱ በሽቦው ወጣ፤ አንዷ ከታች አይታ እሳት አደጋ ጠራች። ክቡርነታቸው ከርግቦቹ መሐል ሲወጡ ጭንቅላታቸው ላይ ላባ፣ ከፊታቸው ውሃ የያዙ ሦስት ሰዎች ነበሩ።

«የርግቦቹን ጤና እየተመለከትኩ ነበር» አሉ።

ከዚያ በኋላ ባለቤታቸው ሲት ኢንሺራህ መድኃኒት ቤት መጡ። ወፍራም፣ ነገር የማያበዙ ሴት ናቸው። ወረፋ ጠብቀው፣ ደንበኛ እስኪያልቅ ቆይተው ወደ ጆሮዬ ተጠጉ።

«ዶክተር፣ እባክሽ መልሺልኝ።»

«ምኑን?»

«ሲጋራውን። ይጀምርልኝ። ሲያቆም ቤት ይውላል፣ ቤት ሲውል ደግሞ ወጥ ቤቴን ያስተምረኛል። ትናንት ቅመሞቼን በየመጡበት አገር ደረደራቸው። ከሙኑን ብፈልግ ብፈልግ የለም፣ ለካ እስያ ሄዷል።»

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

«ማታ ማታ ሲስል ግን እሰማዋለሁ» አሉኝ፤ ሌላ ነገር ሳይጨምሩ ወጡ።

ዘጠነኛው ካለፈ በኋላ በጥቅምት አንድ ጠዋት ኡስታዝ ረእፋት ገቡ። «ይኼኛው ሌላ ነው» አላሉም። ወንበሩ ላይ ተቀመጡና ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቁ። ከፌርማታው እስከ እኔ በር ሃያ እርምጃ አይሞላም። ከኪሳቸው የሐኪም ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ። የሳንባቸው ቧንቧ መጥበብ ጀምሯል፤ የጠበበው አይመለስም፣ ዛሬ ካቆሙ ግን መጥበቡ ሊያዘግም ይችላል ይላል ሐኪሙ።

«ዶክተር» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሠላሳ አራት ዓመት ያላወቅኩትን እንዳወቅኩ ሆኜ አስተምሬ አላውቅም። ይኼን ነገር ግን አላውቀውም። እውነቱን ንገሪኝ፣ ምን ይደረጋል?»

በዚያች ሰዓት አልቀለድኩም። ያለኝን ሁሉ ነገርኳቸው። ለሦስት ቀን የሚያጨሱበትን ሰዓት ይጻፉ፤ ከምን በኋላ እንደሚመጣ ይወቁት። ቀን ይቁረጡ፤ ከዋዜማው መተርኮሻውን፣ ክብሪቱን፣ የተደበቀውን ሁሉ ከቤት ያውጡ። ፕላስተሩ በቀን አንድ፤ ድንገት ለሚመጣው ደግሞ ማስቲካ። ፍላጎቱ ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚቆየው፣ ታግለው አያሸንፉትም፣ እስኪያልፍ ይጠብቁት። ብቻዎን አይሁኑ፣ ለአንድ ሰው ይደውሉ።

«ለማን?»

አፌ ቀደመኝ። «ለእኔ።»

በሕይወቴ ብዙ ስሕተት ሠርቻለሁ። እንደዚያች ቃል ያደከመኝ የለም። በመጀመሪያው ሳምንት በቀን አሥራ ሁለት ጊዜ ደወሉ።

«ዶክተር፣ መጣ።»

«ማን?»

«ፍላጎቱ። ከቡናው በኋላ።»

«ቡናውን በሻይ ይለውጡት አላልኩም?»

«ለወጥኩት። ከሻዩ በኋላ መጣ።»

«እንግዲያው እስኪያልፍ ድረስ በደንብ የሚያውቁትን ነገር ያውሩኝ» አልኳቸው፤ የጂኦግራፊ መምህር መሆናቸውን ረስቼ። ኡስታዝ ረእፋት ዓባይን ከጣና አስነሥተው ገባሮቹን እየጠሩ ያወርዱት ጀመር። ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መሐል ይዤ እሠራለሁ፣ ወንዙም ይወርዳል። አንድ ቀን ለአንዲት እናት የሳል ሽሮፕ ሳስረዳ «በቀን ሦስት ጊዜ፣ ካርቱም ላይ» ብያት፣ ሴትዮዋ ሽሮፑን አስቀምጣ ሄደች።

በአርባ አንደኛው ቀን ታላቅ ወንድማቸው ሞተ። ቀብሩ ላይ አንድ ሰው ሲጋራ ዘረጋላቸው፣ ተቀበሉ። በማግሥቱ መጡና ቆመው፣ ቅጣቱን እንደሚጠብቅ ተማሪ መሬት መሬት አዩ።

«አርባው ቀን ገደል ገባ።»

«አንድ ሲጋራ አንድ ሲጋራ ነው፣ ኡስታዝ። አርባውን ቀን ማንም አይወስድብዎትም። ዛሬ ይቀጥሉ።»

«አትቆጪም?»

«ሰው ወንድሙን ሲቀብር እንዴት እቆጣለሁ?»

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያም፣ ያን ያህል አዝኜላቸው ቆሜ፣ እንዲህ አሉኝ፤ «አንቺስ ከጓዳው በስተኋላ የምታጨሺውን መቼ ነው የምታቆሚው?»

ደም ፊቴ ላይ ወጣ። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ከመድኃኒት ቤቱ ጀርባ፣ ከባዶ ካርቶኖቹ አጠገብ፣ በቀን ስድስት ሰባት አጨሳለሁ። እጄን በሽቶ ሳሙና እታጠባለሁ፣ ሚንት አኝካለሁ። እናቴ እንኳ አታውቅም።

«ማን ነገረዎት?»

«አፍንጫ ያለው ያውቃል። ሁለት ዓመት ሆኖኛል።»

«ታዲያ ሰፈሩን ሁሉ ሲሰብኩ እኔን ለምን ዝም አሉኝ?»

«አንቺ መድኃኒቱን የምትሸጪ ነሽ። የምታውቂውን ምን ብዬ ልንገርሽ? ደግሞ አንቺን ባስቀይም ለማን እደውላለሁ?»

ተቆጣሁ። ወር ሙሉ በስልክ መልሴን አሳጠርኩ። ግን ካርቶኖቹ አጠገብ በቆምኩ ቁጥር የእኚያ ሰውዬ ድምፅ ይመጣብኛል፣ ጢሱም አልጣፍጥ አለኝ። በስተመጨረሻ፣ በመጋቢት፣ ለደንበኞቼ የምሸጠውን ፕላስተር ከራሴ መደርደሪያ አውርጄ ራሴ ላይ ለጠፍኩ። ለአንድም ሰው አልተናገርኩም። በአምስተኛው ቀን ከሰዓት ግን አንዱ ደንበኛ ላይ ያለ ምክንያት ጮኽኩ። ጓዳ ገብቼ ደወልኩ።

«ኡስታዝ፣ መጣ።»

መቼም ይደሰታሉ፣ ይኩራራሉ ብዬ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅኩ።

«ተቀመጪ» አሉኝ ብቻ። «አለሁ።»

ይህ ደግነታቸው አንድ ቀን ነው የቆየው። ከማግሥቱ ጀምሮ ተማሪ ያገኘ መምህር ሆኑ። ጠዋት በሁለት ሰዓት ይደውላሉ፣ ስንተኛ ቀንሽ ነው ይላሉ፤ ስነግራቸው ያርሙኛል። ማስቲካውን እንዴት እንደማኝክ፣ እኔ ያስተማርኳቸውን፣ መልሰው ያስተምሩኛል። አሁን እሳቸው ዓመት አልፏቸዋል፣ እኔ ስምንተኛ ወሬን ይዣለሁ። ከሰዓት ከሰዓት ወንበሬ ላይ ተቀምጠው ደንበኞቼን ይመክራሉ። ፕላስተር ሊገዛ የመጣ ሰው ሁሉ የሳንባ ካርታ ሳይሣልለት አይወጣም። ሥራዬን እንድሠራ ቢተዉኝ ምን አለ እያልኩ በቀን አራት ጊዜ አማርራለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ሁለት ሰዓት ሆነ፣ ስልኩ አልጮኸም። ተመስገን፣ ዛሬ ዕረፍት አልኩ። ሦስት ሰዓት። ደወልኩ፣ ተዘግቷል። አራት ሰዓት ላይ ለአንድ ሰው የደም ግፊት ክኒን እየቆጠርኩ ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። በሩን ቆልፌ፣ ነጭ ጋውኔን እንደለበስኩ መንገዱን አቋርጬ ሕንፃቸው ገባሁ፤ ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም።

በሩን ራሳቸው ከፈቱ፤ ፒጃማቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው፣ መወልወያ ይዘው። ስልኩ የውሃ ባልዲ ውስጥ ገብቶባቸው፣ ሲት ኢንሺራህ እንዲደርቅ ሩዝ ውስጥ ቀብረውታል። ደህና ናቸው። ትንፋሻቸውም ደህና ነው።

«ምነው ልጄ? መድኃኒት ቤቱን ለማን ተውሽው?»

ሞተው መስሎኝ ነው አይባል ነገር።

«ማጨስ አማረኝ» አልኳቸው። ካማረኝ ሁለት ወር አልፎኛል።

ክቡርነታቸው መወልወያውን ግድግዳ ላይ አስደገፉ፣ ክፍት የነበረውን የፒጃማ ቁልፋቸውን ቆለፉ፣ ወንበርም ሳቡልኝ። «ኢንሺራህ፣ ለዶክተር ውሃ» አሉ። ከዚያ ስለ ፍላጎት አመጣጥና አካሄድ አርባ ደቂቃ አስረዱኝ፤ ግማሹ ስሕተት ነበር። አንዱንም አላረምኩም።