የክላይድ ማርዌል ሦስት መቶ አሥራ ሦስተኛ ሞት

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ሆሊውድ ገባሁ። ሰሞኑን ድካም ተጫጭኖኝ ሁለት የሰፈር ለቅሶ በተከታታይ ቀርቻለሁ። ትናንትም አመሻሹ ላይ፣ ጆሮዬ እንደ ድሮው ስላልሆነ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አድርጌ፣ አንድ የጥንት የካውቦይ ፊልም ስመለከት ወንበሬ ላይ አንቀላፋሁ። በኋላ እንደ ምንም ተጎትቼ ነው አልጋዬ ላይ የወጣሁት። ያን ያህል ደክሞኝ ብተኛም ሕልሙ የባሰ አደከመኝ።

ሆሊውድ ሁሉ ነገር የተገለበጠበት ከተማ ነበር። በሲኒማ ቤቱ ውስጥ ተዋንያኑ ወንበር ላይ ተደላድለው ቆሎ ይቆረጥማሉ፤ ተመልካቹ ሸራው ላይ ወጥቶ ያስላል፣ ይተክዛል፣ ቦታ ይቀያየራል። በአደባባዩ ፈረሶች ካውቦዮችን ኮርቻ ጭነው ይጋልባሉ። በስቱዲዮው በር ላይ ሦስት ነገሥታት ዘውዳቸውን በብብታቸው ይዘው ተሰልፈው፣ ግንቡ ሥር ሹራብ የምትሠራን አንዲት አጃቢ ተዋናይት ፊርማዋን ይለምናሉ።

"ዛሬ አልፈርምም፤ ነገ ተመለሱ" አለቻቸው ቀና ሳትል። ነገሥታቱም እጅ ነሥተው ሄዱ።

ከሰልፉ ጀርባ አንድ ሽማግሌ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ከጫማው አሸዋ ያራግፋል። ወዲያው አወቅሁት፤ ተዋናዩ ክላይድ ማርዌል ነበር። እንዴትስ አላውቀው? በአራት ከተማ ሲኒማ ቤቶች ሲሞት አይቼዋለሁ። አዲስ አበባ ላይ በቀስት ሞተ፤ ካይሮ ላይ ከባቡር ጣሪያ ወደቀ፤ ሮም ላይ በጣልያንኛ ተናዝዞ አረፈ፤ ናይሮቢ ላይ አዞ በላው።

"ጋሽ ክላይድ፣ እንደምን አሉ?" አልሁት።

"እግዚአብሔር ይመስገን፤ ዛሬም ልሞት ነው" አለኝ ጥርት ባለ አማርኛ።

"ስንተኛዎ ይሆን?"

"ሦስት መቶ አሥራ ሦስተኛዬ። ይቀመጡ እንጂ እትዬ አጸደ፤ እርስዎም የደከመዎት ይመስላሉ።"

ስሜን ከየት እንዳገኘው አልጠየቅሁትም። ተቀመጥሁና ሕይወቱን አጫወተኝ። አባቱ ነብራስካ በምትባል አገር የፈረስ ኮቴ ብረት የሚቀጠቅጡ ሰው ነበሩ። እሱ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ለአንድ ስቱዲዮ ፈረስ ሊያደርስ ሄዶ፣ ገና በሩ ላይ ሳለ ሳያስበው ከፈረሱ ወደቀ። አዘጋጁ እንዲህ አሳምሮ የሚወድቅ ሰው አይቼ አላውቅም ብሎ በዚያው ቀጠረው። ከዚያ ወዲህ ሃምሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ሲወድቅ ኖረ። ምክትል ሸሪፍ ሆኖ ወደቀ፤ መርከበኛ ሆኖ ሰጠመ፤ ቄስ ሆኖ ተመረዘ። አንድ ሳምንትማ ሰኞ ዕለት ገድሎ፣ ሐሙስ ዕለት በሌላ ፊልም የሟቹ ወንድም ሆኖ ተገደለ። ሁልጊዜም የሚሞተው ፊልሙ በተጀመረ በአርባኛው ደቂቃ ነው። እንደ ሞተም አቧራውን አራግፎ ወደ ሌላ ስቱዲዮ፣ ወደ ሌላ ሞት ይሮጣል።

"አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል" አለኝ። "የፊልም መጨረሻ ምን እንደሚመስል አላውቅም። ልጅቷን ማን አገባት? ከተማው ተቃጠለ ወይስ ተረፈ? ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ይህን ሳላውቅ ሞቻለሁ። የዛሬው የመጨረሻ ፊልሜ ነው። አንድ ጊዜ እስከ ፍጻሜው ብቆይ ምን ይጎድልባቸዋል?"

"ታዲያ አዘጋጁን አይጠይቁትም?"

"እሱ ምን ሥልጣን አለው? እዚህ አገር ሞት የሚወሰነው በዕድሩ ነው።"

እውነቱን ነበር። በዚያ ከተማ ለቅሶው ይቀድማል፣ ሞቱ ይከተላል። ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ሰው ተሰብስቦ ያለቅሳል፣ ለቅሶው ሲበቃ ሰውየው ይሞታል። ወደ ዕድሩ ጉባኤ አብረን ሄድን። ሊቀመንበሩ ዳማ ፈረስ ነበር፤ መነጽሩን በክር አስሮ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የለቀስተኞችን ስም ከመዝገብ ይጠራል።

"ጋሽ ክላይድ ማርዌል!"

"አለሁ።"

"በራስዎ ለቅሶ ላይ እንኳ ያረፍዳሉ?" አለ ፈረሱ።

ክላይድ ባርኔጣውን አወለቀ። "ዛሬ ድንኳኑ እንዳይተከል እለምናለሁ። ካልተለቀሰልኝ አልሞትም፤ ካልሞትሁ መጨረሻውን አያለሁ።"

የዕድሩ ሴቶች አለቃ የሆነችው ሰጎን ከድስቱ አጠገብ ጭልፋዋን ይዛ ብድግ አለች። "ምን ማለትዎ ነው? ንፍሮው እኮ ተቀቅሏል!"

ጉባኤው በሙሉ ወደ ድስቱ ዞረ።

"ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ድንኳን ተክለንልዎታል" አለ ፈረሱ። "ከእነዚያም ሰማንያውን ጊዜ ከጀርባዬ የጣልሁዎት እኔው ነኝ። አንድ ቀን ደከመኝ አልሁ?"

"እኔን ግን ደከመኝ" አለ ክላይድ።

"ይደክማል እንግዲህ! ሰው ካልሞተ ያን ሁሉ ስንዴና ሽምብራ ምን እናድርገው? እየሳቅን እንብላው?"

የክላይድ ፊት ሲጠወልግ አየሁና አላስቻለኝም። "ንፍሮው ሬሳ እንጂ ስም አይፈልግም" አልሁ። "እኔ ልተካቸው።"

ፈረሱ መነጽሩን አደረገ። "በመውደቅ ልምድ አለዎት?"

"ባለፈው ወር መታጠቢያ ቤት በር ላይ ወድቄያለሁ።"

"አወዳደቅዎ እንዴት ነበር?"

"ማንም አላየኝም።"

"ያሳዝናል" አለና መዝገቡ ላይ ጻፈው።

ወዲያው ድንኳኑ አቧራማ የበረሃ ከተማ ሆነ። ዋይታው ቀለጠ። ተኩሱ ቀድሞ ተሰማ፤ ሽጉጡ ኋላ ጎረሰ። እኔም መንገዱ መሐል ወደቅሁ፤ እውነቱን ለመናገር ከሰሞኑ ሁሉ የተሻለ ዕረፍት ያገኘሁት ያኔ ነው። አሸዋው ይሞቃል፣ የሚጠራኝ የለም፣ የምደርስበትም የለም።

"እትዬ፣ ሬሳ ፈገግ አይልም" ብሎ አዘጋጁ አንሾካሾከ።

አርባ አንደኛው ደቂቃ ገባ። ክላይድ አጠገቤ ቆሞ እጆቹን ያገላብጣል። "እትዬ አጸደ፣ እስከዚህ ቆይቼ አላውቅም። እጄን የት ላድርገው?"

"ኪስዎ ይክተቱት።"

ከተተውና የመንገዱን ጫፍ ይዞ መሄድ ጀመረ። መጨረሻው እዚያ፣ ከመንገዱ ማዶ ነበር። እኔ ግን ከተጋደምሁበት አይታየኝም።

"ደረሱ? ምን ይታያል?" ብዬ ጮኽሁ።

"ቆይ..."

"ልጅቷን ማን አገባት?"

"ቆይ እትዬ አጸደ... አሃ! እሷ ናት እንዴ?" ድንገት ከልቡ ሳቀ። በአራቱም ከተማ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

"ይንገሩኝ እንጂ!"

"መጨረሻውማ..."

ቷ! ቷ! ቷ! መዶሻ።

ነቃሁ። ነግቷል። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ብወጣ የዕድራችን ሰዎች ግቢዬ ውስጥ የድንኳን ካስማ ይመታሉ። ሴቶቹ በአጥሩ ጥግ ትልቅ ድስት ከበዋል። ሊቀመንበራችን ጋሽ ድንበሩ፣ መነጽራቸው በክር ታስሮ አንገታቸው ላይ እንደ ተንጠለጠለ፣ እኔን ሲያዩ ክው አሉ።

"እትዬ አጸደ! አሉ እንዴ?"

"አለሁ። ምነው?"

"እርስዎ ለቅሶ የማይቀሩ ሰው ሁለት ጊዜ በተከታታይ ቀሩ። ትናንት አመሻሹ ላይ ደግሞ ከቤትዎ የሴት ዋይታ ተሰማ። በር ብናንኳኳ፣ ብንጣራ መልስ የለም። ምን እንበል?"

"እሱ እኮ ፊልም ነው፤ የክላይድ ማርዌል ለቅሶ ነው የሰማችሁት።"

"ማን ናቸው? የዕድራችን አባል ናቸው?"

"አይደሉም።"

"ኧረ በሕግ አምላክ!" አለች አንዷ ከድስቱ ዘንድ። "ንፍሮው እኮ ተቀቅሏል!"

ካስማ የሚመቱት ሰዎች መዶሻቸውን አየር ላይ እንዳንጠለጠሉ ቀሩ። ጋሽ ድንበሩ ድንኳኑን አዩ፤ ድስቱን አዩ፤ እኔን አዩ። በረጅሙ ተነፈሱ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ መዝገቡን ገለጡ።

"እንግዲያውስ" አሉ በድካም፣ "በዛሬው ለቅሶ ተገኝተዋል ብዬ ልጻፍልዎት?"