የአሰልጣኙ ወገብ

ቦርጭ የሚጠፋው በሁለት መንገድ ነው፤ ወይ በላብ ወይ በወሬ። በላብ የሚያጠፉት ጥቂት ናቸው፣ ድምፃቸውም አይሰማም። በወሬ የሚያጠፉት ግን በየመሥሪያ ቤቱና በየጎረቤቱ ሞልተዋል። ታውቋቸዋላችሁ። ሳህናችሁን አይተው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ስለ ጉበታችሁ ይጨነቁላችኋል፣ እየተጨነቁም ከፊታችሁ ድንች ያነሳሉ። እናንተ መንገድ ላይ ስታገኟቸው ስቃችሁ ታልፋላችሁ። ልብስ ሰፊዋ ግን ስቃ የምታልፍበት መንገድ የላትም፤ አንዱን አግብታዋለች።

ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ አንድ መስመር ሲመላለስ፣ ሆዱ በየዓመቱ አንድ ጣት ወደ መሪው ሲጠጋ ኖሯል። ሱሪዎቹን የምታሰፋለት እሷ ስለሆነች የወገቡን ታሪክ ከእሱ የተሻለ ታውቃለች። ዘንድሮ የሹፌሮቹን ዓመታዊ ምርመራ የምታደርገው ሐኪም ደም ግፊቱን ለካች፣ ወገቡን ለካች፣ "መቶ አስራ ሁለት" ብላ ጻፈችና ፊቷን አጠቆረች። "ሦስት ወር ሰጥቼዎታለሁ። ወገብዎ ወደ መቶ አራት ካልወረደና ግፊቱ ካልተስተካከለ ወረቀትዎ ላይ አልፈርምም" አለችው። ፊርማ ከሌለ መሪ የለም። ልብስ ሰፊዋን ግን ከፊርማው ይልቅ ያስፈራት ግፊቱ ነበር። የባሏን ታላቅ ወንድም በአርባ ስድስት ዓመቱ የቀጠፈው ይኸው በሽታ ነው፣ ባሏ ደግሞ አርባ አምስት ሞልቶታል።

ሌላው ሰው እንዲህ ሲባል ይደነግጣል። እሱ ታካሚ ሆኖ ሄዶ አሰልጣኝ ሆኖ ተመለሰ። ገና በሩን ሳይዘጋ ቤተሰቡን ሰብስቦ "ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት ዘይት አይገባም!" ብሎ አወጀ። ስኳሩ ለጎረቤት ተሰጠ፣ ዳቦው ተባረረ፣ ጎመንና ካሮት ያለ ጨው ተቀቅለው ገበታውን ወረሱት።

"አባዬ፣ እኛ እኮ ቦርጭ የለንም" አለች ትንሿ ልጅ።

"ሳይመጣ ነው የሚከለከለው፣ የኔ ልጅ። የሆድ ስብ ግትር ነው። አንዴ ከገባ ውጣ ቢሉት አይወጣም።"

"ያንተስ?"

"የኔማ እየወጣ ነው" አለ ሆዱን መታ መታ እያደረገ።

በሁለተኛው ወር እውነትም ቤቱ ከሳ። ልብስ ሰፊዋ ሁለት ቀሚሷን አጠበበች። የልጆቹ ጉንጭ ሟሸሸ። የክቡር አሰልጣኙ ወገብ ብቻ እንደተከበረ ቀረ። እሷም መጀመሪያ ግራ ገባት፤ አብረው የሚበሉት አንድ ጎመን ነው። ምስጢሩን ያወጣችላት አብራው የምትሠራው ትኬት ቆራጭ ናት፤ የደንብ ልብሷን ልታሳጥር ሱቅ ብትመጣ ሆዷ አልችል አላት።

"እትዬ፣ አይቆጡኝና፣ ጋሼ ቤት ምግብ አይበሉም እንዴ? እኛን እኮ ጨረሱን!"

"ምን አደረጋችሁ?"

"እሳቸው ምንም አይገዙም። 'እኔ መብላት አቁሜያለሁ' ይላሉ። ከዚያ ከኔ ምሳ ዕቃ ሁለት ማንኪያ፣ ከመካኒኩ ዳቦ ግማሹን፣ ከተቆጣጣሪው ብስኩቱን። 'ምነው ጋሼ?' ስንላቸው 'ይሄ አይቆጠርም' ይላሉ።"

ልብስ ሰፊዋ በመርፌው ጣቷን ወጋች። አይቆጠርም! ለካ ሰውዬው የራሱ ሂሳብ አለው። ቆሞ የተበላ አይቆጠርም፣ በቀጥታ ወደ እግር ይወርዳል። ከሰው ሳህን የተነሳ አይቆጠርም፣ ስቡ የባለ ሳህኑ ነው። መሪ ይዞ የተበላ ደግሞ ፈጽሞ አይቆጠርም፣ አውቶቡሱ ሲያንቀጠቅጠው እዚያው ይቃጠላል። ማታ ስታፋጥጠው "ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ከጠዋት ጀምሮ ከአፌ ያደረስኩት የለም!" ብሎ ማለ፣ የብስኩት ፍርፋሪ ጢሙ ላይ ተቀምጦ እያየችው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ስፖርቱስ? ስፖርቱ የሚሠራው በእሷ ጉልበት ነው። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ስትረግጥ ውላ እግሯ ዝሎ ስትገባ፣ እሱ ወለሉ ላይ ምንጣፍ ዘርግቶ ይጠብቃታል። "ነይ እስቲ፣ እግሬን ያዥልኝ።" ተንበርክካ ትይዝለታለች። አራት ጊዜ ይነሳል። ከአራተኛው በኋላ እንደተጋደመ ስለ አተነፋፈስ ማስተማር ይጀምራል፤ አየር በአፍንጫ ገብቶ ስቡን እንዴት እንደሚያላላው፣ ሴቶች ይህን ባለማወቃቸው ምን ያህል እንደተጎዱ። አንድ ቀን ትምህርቱ ሲረዝምባት እግሩን ለቃ ሄዳ እንቅልፏን ተኛች። ጠዋት "ተማሪ አቋርጦ አይወጣም" አላት፣ ሳያፍር።

ደግሞ ቤቱን አልፎ ወደ ሕዝብ ዘለቀ። ሆዱ ገፋ ያለ ተሳፋሪ ሲያይ መውረጃው ከመድረሱ አንድ ፌርማታ ቀደም ብሎ በሩን ይከፍትለታል። "ጋሼ፣ እዚህ ይውረዱና ትንሽ ራመድ ራመድ ይበሉ፤ ለእርስዎ ብዬ ነው!" የሰውዬው ሻንጣ ይክበድ፣ ዝናብ ይዝነብ፣ ጉዳዩ አይደለም። አንዱ በእርግጥም ከባድ ሻንጣ የያዘ፣ የአቤቱታ ደብዳቤ ጻፈበት። አለቃው ደብዳቤውን ሰጥቶ ሲገስጸው፣ አሰልጣኙ ወረቀቱን እንደ ምስክር ወረቀት አጥፎ ቤት ይዞት መጣ። "አየሽ፣ ለሰው መልካም መሥራት ዕዳ ነው" አላት። ልብስ ሰፊዋ ደሟ ፈላ። የሰው ሆድ ሲያራምድ የእሱ እዚያው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ነው።

ከሁሉ የባሰው የዓርብ ልኬት ነበር። ከመሳቢያዋ አንድ አሮጌ ሜትር አግኝቶ በየሳምንቱ ወገቡን ይለካል፣ ከዚያ ደረጃው ላይ ወጥቶ ለጎረቤት ያበስራል። "መቶ ሰባት! መቶ ሰባት ገብቻለሁ!" ጎረቤቱም ያጨበጭባል። ሱሪው ግን ሌላ ይናገር ነበር፤ ቁልፉ ዛሬም በመከራ ነው የሚገባው። አንድ ዓርብ ልብስ ሰፊዋ ያንን ሜትር ቀማችውና ከእንጨት ማስመሪያዋ ጎን ዘረጋችው። የጨርቅ ሜትር ሲያረጅ ይለጠጣል፤ የተለጠጠ ሜትር ደግሞ ሁሉን ሰው ያቀጥናል። የደንበኞቿን ልክ ማበላሸት ስለጀመረ ነበር መሳቢያ ውስጥ የወረወረችው። አዲሱን ሜትር አምጥታ ወገቡ ላይ አዞረችው። መቶ አስራ አንድ።

"አንድ ሴንቲሜትር" አለችው። "በሁለት ወር አንድ!"

"አዲሱ ሜትር ችግር ሳይኖርበት አይቀርም። ፋብሪካዎች አሁን..."

"ዝም በል!"

ልጆቹ ከክፍላቸው ብቅ አሉ። እሷ ግን ጀምራዋለች፣ የሚያስቆማት አልነበረም።

"ልጆቼን ጎመን አብልተህ አጠወለግህልኝ! እኔን ተንበርክኬ እግርህን አስያዝከኝ! ያንን ምስኪን ሰውዬ በዝናብ አወረድከው! ሁሉን ሰው አሠለጠንክ፣ ያንተ ብቻ አይቆጠርም! ዳቦው አይቆጠርም፣ ብስኩቱ አይቆጠርም። እሺ ስትሞትስ? እሱም አይቆጠርም? ወንድምህስ አልተቆጠረም?"

አሰልጣኙ ሸሚዙን ወደ ሱሪው ከተተና አሮጌውን ሜትር ጠቅልሎ መሳቢያው ውስጥ መለሰው። አላዘነችለትም፤ ንዴቷ ገና አልበረደም ነበር። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ብላ ፊቷን አዙራ ተኛች።

በማግስቱ ሲነጋጋ ስትነቃ አልጋው ባዶ ነው። ከቤት እስከ አውቶቡሶቹ ማደሪያ ሰባት ፌርማታ በእግሩ ሄደ። በሚቀጥለውም ቀን ሄደ። ምክር አቆመ፣ የዓርቡን ብሥራት አቆመ፣ ትኬት ቆራጯም "እትዬ፣ ጋሼ ታመዋል? የራሳቸውን ምሳ ይዘው ይመጣሉ" ብላ ልትጠይቅ መጣች። ልብስ ሰፊዋ "እሰይ፣ ይታመም" አለቻት። ሱሪውን ሁለቴ ብታጠበውም አላመነችውም። ሌላ ሂሳብ አግኝቶ ይሆናል ብላ ጠረጠረች።

ሦስተኛው ወር ሲሞላ ሐኪሟ ዘንድ አብራው ሄደች። የደንበኞቿን ልክ በምትጽፍበት ደብተር መጨረሻ ገጽ ላይ ጥፋቱን ሁሉ ዘርዝራ ይዛለች፤ ዛሬ ጉዱን ለሐኪሟ ዘርግፋ ነው የምትመለሰው። ሐኪሟ ግፊቱን ለካች፣ ቀንሷል። ወገቡን ለካች፣ መቶ ስድስት። ብዕሯን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው።

"ሦስት ወር ሙሉ ምን ሲሠሩ ነበር? ለስድስት ሴንቲሜትር ነው ይሄ ሁሉ? እንደ እርስዎ ያለውን ሰነፍ ብዙ አይቻለሁ፣ አይለወጥም።" ወደ ሚስቱ ዞረች። "ይንገሩኝ እስቲ፣ ቤት ውስጥ ይቀጥፋል አይደል?"

አሰልጣኙ አንገቱን ደፋ። ልብስ ሰፊዋ ደብተሩን ከፈተች፣ ዝርዝሩን አየችው፣ መልሳ ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው።

"ሰነፍ ማለት ምን ማለት ነው?" አለች ከወንበሯ ተነስታ። "ባሌን የምሰድበው እኔ ነኝ! አስራ ስምንት ዓመት ችዬው ነው የምሰድበው። አምስቱን ሴንቲሜትር ያወረደው በዚህ ወር ነው፣ በየቀኑ ሰባት ፌርማታ በእግሩ እየሄደ! ሱሪውን ሁለቴ ያጠበብኩት እኔ ነኝ፣ እኔን ይጠይቁኝ! የቀረው ሁለት ነው። ሁለት!"

ሐኪሟ ብዕሯን አነሳች። አልፈረመችም፤ ሕግ ሕግ ነው። ግን "አንድ ወር ተጨምሯል" ብላ ጻፈች፣ እስከዚያ ቢሮ ተቀምጦ እንዲሠራ አዘዘች። "ስድቡን ይቅር በሉኝ" አለች፣ እሱን ሳይሆን ሚስቱን እያየች።

በማግስቱ አስር ሰዓት ሲሆን ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን ሸፈነች። ቀሚስ ልትለካ የመጣች ደንበኛ ቅር አላት።

"ምነው፣ ገና በጠራራ ፀሐይ ይዘጋል?"

"ባሌን ላራምድ ነው። ብቻውን ከለቀቅኩት መንገድ ላይ ሰው ሲመክር ይመሽበታል።"

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። አሰልጣኙ በሩ አጠገብ ቆሟል። ወንበር ሳይፈልግ፣ ግድግዳ ሳይደገፍ፣ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ያስራል። ይህን ሲያደርግ ለመጨረሻ ጊዜ ያየችው ትንሿ ልጃቸው ገና ሳትወለድ ነበር። ዓይኗ ውሃ ሞላ፣ ወዲያው ደግሞ ንዴቷ መጣ። እንዲህ ጎንበስ ማለት ከቻለ ስንት ዓመት ምን አስጠበቀኝ ብላ በውስጧ ሰደበችው። ከዚያ በሩን ቆልፋ ክንዱን ያዘችና መንገድ ጀመሩ።