ሰባት ቤት ቆጥሮ ፍሬን ማሠራት

የሰው ልጅ ለዕቃ ሲከፍል እጁ አይንቀጠቀጥም። የሚንቀጠቀጠው ለእጅ ሲከፍል ነው። እስቲ ራሳችሁን ታዘቡ። መካኒኩ በማናነበው ቋንቋ የተጻፈበት ካርቶን አውጥቶ «ይህ ስድስት መቶ ሼቄል ነው» ሲለን፣ ካርቶኑን አገላብጠን አይተን፣ እንደገባው ሰው ራሳችንን ነቅንቀን እንከፍላለን። ለገጠመበት ደግሞ ሁለት መቶ ሲለን ግን ደማችን ይፈላል። «ለምኑ?» እንላለን። ዕቃ ይጨበጣል፤ ሙያ አይጨበጥማ! ሐኪም አምስት ደቂቃ አይቶን ሕመማችንን ቢነግረን «አይ ዕውቀት!» ብለን አመስግነን እንወጣለን። መካኒክ ግን ብልሽቱን ፈጥኖ ካገኘው ሌባ ነው። ከጧት እስከ ማታ መኪናው ሥር ተጋድሞ፣ ፊቱ በግራሶ ጠቁሮ፣ ወገቡን ይዞ ከወጣ «ምስኪን፣ ለፍቷል» ብለን ሳንከራከር እንከፍለዋለን። እንግዲህ ለማያውቀው ከሚያውቀው አብልጠን እንከፍላለን ማለት ነው።

ይህን የምላችሁ እኔ ከሌላው ተሽዬ አይደለም። እንዲያውም የባስሁት እኔ ነኝ፤ ነገሩም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ታደለ እባላለሁ፤ የምኖረው እስራኤል አገር አሽቀሎን ከተማ፣ ሺምሾን ሰፈር ነው። ከጎንደር ተነሥተን በሱዳን በኩል ከመጣን ወዲህ ጉልበቴን የጨረስሁት ፋብሪካ ውስጥ ካርቶን ሳሽግ ነው፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ያለችኝ ንብረት አንዲት ነጭ መኪና ናት፤ እሷም እንደ እኔ ጧት ጧት ሳትስል አትነሣም። ለብዙ ዓመት ጭንቄ የነበረው የእሷን ሕመም ለመካኒክ ማስረዳት ነበር። በዕብራይስጥ የማውቀው «ዬሽ ራዓሽ»፣ ድምፅ አለ፣ ማለትን ብቻ ነው። ምን ዓይነት ድምፅ? ሲሉኝ ምላሴ ይተሳሰራል፤ በአፌ አስመስዬ ላሰማቸው ስሞክር ደግሞ መካኒኮቹ እየተጠራሩ ይስቁብኛል።

ስለዚህ የእኛው ልጅ ኤፍሬም በኢንዱስትሪው ቀጠና ጋራዥ ሲከፍት የተሰማኝን ደስታ እኔ ነኝ የማውቀው። ኤፍሬም ሙያውን ወታደር ቤት የጦር መኪና ሲጠግን የተማረ፣ አርባ ያልሞላው ዝምተኛ ሰው ነው። ሲናገር ግማሹ ዕብራይስጥ ነው፤ አማርኛ ሲሰማ ግን አንዲትም አታመልጠው። «ስጠመዝዛት ታቃስታለች፣ ሳቆማት ትንሰቀሰቃለች» ብዬው፣ ሳይስቅብኝ ኮፈኑን የከፈተ የመጀመሪያው መካኒክ እሱ ነው።

ደስታው የእኔ ብቻ አልነበረም። ከሌሎቹ ሰፈሮች፣ ከባርኔአም ከአፍሪዳርም የእኛ ሰው ሁሉ መኪናውን እየነዳ ኤፍሬም ዘንድ ከተተ። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ይባል የለ? መዘዙም የመጣው ከዚሁ ከዘመድነት ነው። እንደምታውቁት እኛ ሰባት ቤት እንቆጥራለን። ልጆች ሊጋቡ ሲሉ ሽማግሌ ተቀምጦ «የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ልጅ» እያለ እስከ ሰባት ትውልድ ይወርዳል፤ ከተገናኙ ጋብቻው ይቀራል። አባቶቻችን ይህን ሥርዐት ያወጡት ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ነው። እኛ አሽቀሎን አምጥተን ፍሬን ማሠሪያ አደረግነው። ኤፍሬም ሥራውን ጨርሶ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ባለመኪናው «ለመሆኑ አባትህ የማን ልጅ ናቸው?» ብሎ ይጀምራል። በአራተኛው ቤት ያልተገናኙ በአምስተኛው ይገናኛሉ፤ በአባት ካልሆነ በእናት ይሆናል። አንዲት ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጡ እትዬማ፣ ከእኛ አውራጃ ሰው ጋር ምንም ሳያዛምዳቸው፣ በባላቸው እኅት ባል በኩል ተንጠላጥለው ባትሪ አስገጥመው ሄደዋል። እኔም በአምስተኛው ቤት ተገኝቻለሁ።

ዘመድነቱ ከተገኘ በኋላ ኤፍሬም ምን ይበል? ይሉኝታ ይይዘዋል፤ «ይተዉት» ይላል። ባገራችን ወግ «ይተዉት» የተባለ ሰው «ኧረ አይሆንም፣ ሞቼ እገኛለሁ!» ብሎ ገንዘቡን በግድ ኪስ ውስጥ ይከታል እንጂ ተባልሁ ብሎ አይተወውም። እኛ ወጉን ግማሹን መንገድ ላይ አንጠባጥበነው መሰል፣ ይተዉት ስንባል እንተወዋለን።

አንድ ሐሙስ ጧት ታዲያ መኪናዬ ማቃሰቷ ባሰባት። የኤፍሬም ወረፋ ረዥም ስለነበር መጀመሪያ ሌላ ጋራዥ ወሰድኋት። እዚያ ያሉት ከመሪው ሥር ያለው ዕቃ በሙሉ ካልተቀየረ ብለው ሦስት ሺህ ሼቄል ጠየቁኝ። ኩምሽሽ ብዬ ወደ ኤፍሬም ተመለስሁ። እሱ መሪውን ወደ ቀኝና ወደ ግራ አስጠመዘዘኝ፤ እጁን ኮፈኑ ላይ አሳርፎ አዳመጠ፤ መኪናዋን አንሥቶ ከሥር ገባና አንዲት ደርቃ የተሰነጠቀች ላስቲክ አውጥቶ አሳየኝ። በቦታዋ አዲስ ተካ። በሰዓቴ ይዤዋለሁ፤ ሃያ ደቂቃ አልሞላም። መኪናዋ ጸጥ አለች። ከዚያ ኤፍሬም አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ ወረቀት አውጥቶ ጽፎ ሰጠኝ። ላስቲክ አርባ ሼቄል፣ የእጅ ዋጋ ሁለት መቶ ሃምሳ ይላል።

«ሃያ ደቂቃ ላልሞላ ሥራ?» አልሁት። ሦስት ሺህ ሼቄል ያዳነልኝን ሰው ነው እንግዲህ።

«ጋሼ፣ ደቂቃው አይደለም» አለኝ ቀስ ብሎ። «ሃዓቮዳ ብልሽቱን ማግኘቱ ነው።» ሥራው እሱ ነው ማለቱ ነበር።

«ለመሆኑ እኔ ዘመድህ አይደለሁም?» አልሁት፣ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እስኪሰማ ድረስ።

ኤፍሬም አንገቱን ደፋ። «ይተዉት፣ ጋሼ» አለ።

ተውሁት። አርባዋን ሼቄል ቆጥሬ ሰጥቼ ወጣሁ።

ቤት ገብቼ ድሌን ለባለቤቴ ለእናኑ ተረክሁላት። እናኑ ከኤፍሬም እናት ጋር አንድ ቦታ፣ አረጋውያን በመንከባከብ ነው የምትሠራው። ሰምታ ሰምታ ስታበቃ «ደስ ይበልህ» አለችኝ። «ኤፍሬም በወሩ መጨረሻ የጋራዡን ቁልፍ ለአከራዩ ሊመልስ ነው። ሌላ ከተማ አንድ ትልቅ ጋራዥ በደመወዝ ቀጥሮታል። የሁለት ወር ኪራይ ከቁጠባው ነው የከፈለ፤ እናቱ እንቅልፍ አጥታለች። ከእንግዲህ መኪናህን ለእነዚያ ለሚስቁብህ ሰዎች አቃስትላቸው።»

ምሳዬን ገፋ አደረግሁት። የከፋኝ መካኒክ ማጣቱ ብቻ አልነበረም። አባቴ ቀጥቃጭ ነበር። ገበሬው ብረቱንና ከሰሉን ይዞ ይመጣል፣ ወናፉንም ራሱ ይነፋል፤ አባቴ ማረሻውን ቀጥቅጦ ያወጣለታል። ክፍያው እህል ነው፤ የሚሰፈረውም በአውድማ ጊዜ ነው። አውድማ ሲደርስ አባቴ ስልቻውን ይዞ ይዞራል። ብዙው ሰው በደንብ ይሰፍርለታል። አንዳንዱ ግን «ብረቱ የኔ፣ ከሰሉ የኔ፣ ወናፉንም የነፋሁ እኔ፤ አንተ ምን አደረግህ? ሁለት ጊዜ መታህ» ይለዋል። አንድ ዓመት እንዲህ ካለ ሰው አውድማ ባዶ ስልቻውን ትከሻው ላይ ጥሎ ሲመለስ አብሬው ነበርሁ። ያን ሰውዬ እስከ ዛሬ ይቅር አላልሁትም። ያን ዕለት ሐሙስ ግን፣ ሺምሾን ሰፈር ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ ያ ሰውዬ እኔ ሆኜ አገኘሁት። አፈርሁ። በዕድሜዬ እንዲያ አፍሬ አላውቅም።

እኛ ነገር ሲበላሽብን ሽማግሌ እንልካለን። ባልና ሚስት ሲጣሉ ይላካል፤ ወንድማማች ሲኳረፍ ይላካል። ለጋራዥ ሽማግሌ ሲላክ እኔ ሰምቼ አላውቅም፤ ቢሆንም ሌላ መላ አላውቅምና በዚያው ቀን ሰማንያ ዓመት ያለፋቸውን አባባ ገብሩን ለመንኋቸው። እሺ አሉኝ። ሦስተኛ ሰው ግን ጠፋ። የጠየቅሁት ሁሉ ወይ ያመዋል፣ ወይ ቀጠሮ አለበት። አንዱማ «ፍሪስዮን በነጻ አሠርቼ በየትኛው ዓይኔ ልየው?» ብሎ እቅጩን ነገረኝ። ስለዚህ በነጋታው ዓርብ ጧት ሁለት ሆነን ሄድን።

ኤፍሬም በተደራረቡ ጎማዎች ላይ አስቀመጠን። አባባ ገብሩ በትራቸውን ተመርኩዘው «ልጄ፣ ልትሄድብን ነው አሉ። ማን አስቀየመህ?» ብለው ጠየቁት።

«ማንም አላስቀየመኝም፣ አባባ» አለ። «ኪራይ አለብኝ፣ ኢንሹራንስ አለብኝ፣ ያ መኪና የሚያነሣው ማሽን የተገዛው በብድር ነው። ከአሥር መኪና ሰባቱ ደግሞ ሚሽፓኻ ነው፤ ዘመድ። ከዘመድ ገንዘብ ጠይቅ ብሎ አባቴ አላሳደገኝም። ከትናንት በስቲያ ማታ የእጄን ዋጋ ልጠይቅ ቆርጬ ነበር፤ ትናንት በወረቀት ጻፍሁ፤ ሎ ያኾል፣ አልችልም፣ አፌ እሺ አይለኝም። የምሄድበት ጋራዥ ዋጋ የምትናገረው ጸሐፊዋ ናት። እኔ ብልሽቱን ብቻ ነው የማየው።»

«ሚሽፓኻ የምትላቸው እነማን ናቸው?» አሉ አባባ ገብሩ ቆጣ ብለው። «ስም ጥራ!»

ኤፍሬም መሬት መሬት አየ። ማንንም አልጠራም፤ እኔንም ቀና ብሎ አላየኝም። ቢያየኝ ይሻለኝ ነበር።

«አንዱ እኔ ነኝ፣ አባባ» አልሁ። «ትናንት ነው። በሰው ፊት ጮኼበት፣ የእጁን ሳልከፍል ነው የሄድሁ።» ሁለት መቶ ሃምሳውን ሼቄል ከኪሴ አወጣሁ። ኤፍሬም ከልማዱ «ይተዉት ጋሼ» ሲል፣ «አይሆንም፣ ሞቼ እገኛለሁ!» ብዬ በግድ የቱታው ኪስ ውስጥ ከተትሁት። እዚህ አገር ከመጣሁ ወዲህ ይህን ቃል ከአፌ ሳወጣ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

አባባ ገብሩ እኔን ገርምመው አዩኝና «አንተ ነህ እንግዲህ አስታራቂ ነኝ ብለህ የመራኸኝ?» አሉ። ከዚያ በትራቸውን ሁለት ጊዜ ሲሚንቶው ላይ መታ መታ አደረጉ።

«ስሙኝ። ኤፍሬም፣ አንተም ጥፋት አለብህ። ኮፈን ከመክፈትህ በፊት ዋጋህ ይነገር፤ የተበላሸውንም ዕቃ አውጥተህ አሳይ። ሰው ሳያውቅ የመጣበት ዋጋ ዘረፋ ይመስለዋል። ዘመድ ደግሞ ከባዕድ እኩል ይክፈል፤ ዘመድነቱን በሠርግና በለቅሶ ያሳይ። ዋጋውን የሚናገረው ግን አንተ አይደለህም፤ ታደለ ነው። ሥራ የለውም፤ ይሉኝታም እንደሌለው ትናንት አሳይቷል።»

በዚህ ዓይነት ነው እኔ በስተርጅና ሹመት ያገኘሁት። ሰኞና ሐሙስ፣ ወረፋ ሲበዛም ዓርብ ጧት፣ ጋራዡ በር ላይ ትንሽ ጠረጴዛ ይዤ እቀመጣለሁ። «የእጅ ዋጋ ሥራ ሳይጀመር ይነገራል» የሚል ካርቶን በእጄ ጽፌ ሰቅያለሁ፤ ዕብራይስጡን ኤፍሬም ጨመረበት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይላሉ፤ ያ ልጅ ሃምሳውንም ብቻውን ተሸክሞ መቆየቱን ያወቅሁት ጠረጴዛው ላይ ስቀመጥ ነው። ሰው አሁንም ዘር እየቆጠረ ይመጣል። እኔም አብሬ እቆጥራለሁ፤ በዚህ ነገር የሚቀድመኝ የለም። እስከ ሰባተኛው ቤት አብረን ወርደን፣ ዘመድነታችንን አረጋግጠን፣ ተሳስመን፣ የሞቱትን ነፍስ ይማር ብለን ስናበቃ ዋጋውን እነግራቸዋለሁ።

ቀላል ነው አልልም። እኒያ የባትሪዋ እትዬ ተመልሰው መጥተው ግማሽ ሰዓት ተሟገቱኝና በመጨረሻ ከፍለው፣ ደረሰኝ ተቀብለው፣ ሒሳቡን ሁለት ጊዜ ደምረው ሄዱ። አንዱ የአክስቴ ልጅ «ዘመድ የሚበላ ጋራዥ» ብሎ ተራግሞ ሌላ ቦታ ሄደ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ መጣ። እዚያ ስንት እንደጠየቁት ሊነግረኝ አልፈለገም፤ እኔም አልጠየቅሁትም፤ ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ወረፋውን ያዘ።

የወሩ መጨረሻ ሲደርስ አከራዩ ቁልፉን ሊረከብ መጣ። እኔ ደነገጥሁ፤ ኤፍሬም ምን እንደወሰነ አልነገረኝም ነበርና። እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ጎንበስ ብሎ የውሉን ወረቀት አነበበ፣ እስክሪብቶዬን ተቀብሎ ለሁለት ዓመት ፈረመ። ከዚያ «ጋሼ፣ ቀጣዩ ማን ነው?» ብሎኝ ወደ ሥራው ገባ። እናኑ እንደምትለው እናቱ ያን ሌሊት አልነቁም። እኔ ነኝ በደስታ ስገላበጥ ያነጋሁት፤ ዕድሜ ልኬን በሠራሁበት ፋብሪካ እንዲህ ያለ ደስታ አግኝቼ አላውቅም።

ለዚህ የከፈልሁት ነገር አለ። ከዘመዶቼ አንዳንዶቹ ሰንበት ምኩራብ ውስጥ ሲያዩኝ ፊታቸውን ያዞራሉ። ሰላምታ ነሱኝ። መኪናቸውን ግን አልነሱንም።