የኩሱሞቶ ሳን አሥር መብራቶች

ማንም ሳይሾመው ሰው ሊቀሰቅስ የተወለደ ጎረቤት የሌለበት ሰፈር የለም። አንዱ በር እያንኳኳ ይቀሰቅሳል፤ ሌላው ደጁን ሲጠርግ ጉሮሮውንም አብሮ ይጠርጋል። የእኛው ግን ሬዲዮ አላቸው።

ክቡር ኩሱሞቶ ሳን፣ የሰባ ስምንት ዓመቱ የቀድሞ የባቡር ጣቢያ ሹም፣ በጋ በገባ ቁጥር ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ መስኮቴ ሥር ባለችው መናፈሻ ይሰየማሉ። ሬዲዮኑን አግዳሚ ወንበር ላይ ያስቀምጣሉ፣ በሬዲዮ የሚተላለፈው የጠዋት ስፖርት ፒያኖ ይጀምራል፣ አሥራ አምስት ያህል አዛውንት እጃቸውን ይዘረጋሉ። እሳቸው ደግሞ ከፒያኖው በላይ ይጮኻሉ፦ "ክንድ ወደ ላይ! ለራሳችሁ ነው!"

"ለራሳችሁ ነው" የማይገባበት ቦታ የለም። ቆሻሻውን ባልተመደበለት ቀን ያወጣ ሰው ከረጢቱ በሩ ድረስ ተመልሶ ይመጣለታል፤ ለራሱ ነው። እኔን ጉንፋን ሲይዘኝ የተጠበሰ ባሮ ሽንኩርት በጨርቅ ጠቅልለው አንገቴ ላይ ሊያስሩልኝ መጥተዋል። አስረውልኝም ሄደዋል።

እኔ ሌሊት ሌሊት የትምህርት መጻሕፍት አርሜ ጎህ ሲቀድ የምተኛ ሰው ነኝ። ሬዲዮኑ ከዓመት ዓመት እየጮኸ ሄዶ ዘንድሮ ትራሴ ውስጥ የተቀበረ ይመስለኝ ጀመር። በእኛ አገር ጎረቤት ለጎረቤቱ ፊት ለፊት "ረበሽከኝ" አይልም። ስለዚህ ሁሉም የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ስም የሌለው ደብዳቤ ጽፌ በሰፈሩ ማኅበር ሣጥን ከተትኩ።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ኦኩዴራ ሳን ደብዳቤውን ካነበቡ በኋላ ኩሱሞቶ ሳን ፊት አንገታቸውን ደፍተው፣ "ይቅርታ ያድርጉልኝና ድምፁ ካልቀነሰ ስፖርቱ ይቀራል" አሏቸው።

"እኔ እኮ ዝቅ አድርጌ ነው የምከፍተው!" አሉ ኩሱሞቶ ሳን። ከልባቸው ነበር።

በሳምንቱ በሬን አንኳኩ። ከአኪሃባራ የኤሌክትሮኒክስ ገበያ የገዟትን ትንሽ ካርቶን ይዘዋል፤ ላይዋ ላይ "ለጀማሪ" ተብሎ ተጽፏል።

"ታዛዋ ኩን፣ ይኸውልህ ራሳችን ገጣጥመን የምንበይደው የድምፅ መለኪያ። ድምፅ ከፍ ሲል መብራቶቹ ተራ በተራ ይበራሉ። አምስት አረንጓዴ፣ ሦስት ቢጫ፣ ሁለት ቀይ። ከእንግዲህ ሬዲዮኑን በዓይኔ ነው የምቆጣጠረው። ቀላል ነገር ነው። ጽሑፉ ግን የጉንዳን ነው፣ አንተ አንብብልኝ።"

በድብቅ የበደለ ሰው እምቢ የሚልበት አፍ የለውም። ጠረጴዛዬን ለቀቅሁላቸው።

እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው አይሰሙም። የመበየጃው ብረት ጠረጴዛዬን ሁለት ቦታ አቃጠለው። "የእያንዳንዱ መብራት ረጅሙ እግር በመደመር ምልክቱ በኩል ይግባ" የሚለው ዘንድ ስደርስ አሥሩንም በይደው ጨርሰዋል። ባትሪ ሲያስገቡ አንዱም አልበራ። ጠጋ ብዬ ሳይ ሁሉም ተገልብጠዋል።

"ለምን እንዲህ አደረጉት?"

"ረጃጅሞቹን ከኋላ አቆምኳቸዋ! ፎቶ ስትነሳ ረጅም ሰው የት ነው የሚቆመው?"

አርባ ዓመት የጣቢያውን ሠራተኞች ለፎቶ ያሰለፉ ሰው ናቸው፤ ምን ይባላል? ነቅለን ለመመለስ ሦስት ቀን ፈጀብን። በአራተኛው ቀን አንዲት አረንጓዴ ብልጭ አለች።

"ሠራ!" ብለው ሲጮኹ አሥሩም እስከ ቀዩ ድረስ ቦግ አሉ። "ሬዲዮኑ እኮ አልተከፈተም፤ ምኑን ነው የለካው?"

"እርስዎን ነዋ!" አልኳቸው።

የቀረው ልኩን መወሰን ነበር። "ባለ መስኮቱ አንተ ነህ፣ ከላይ ሆነህ በቃ በለኝ" አሉኝ። ከሰዓት በኋላ ባዶዋ መናፈሻ ወረዱ፣ በካሴት የቀዱትን ስፖርት ከፈቱ፣ መለኪያውን ሬዲዮኑ አጠገብ አድርገው ድምፁን ቀስ በቀስ ጨመሩ። ሦስተኛዋ አረንጓዴ ላይ ፒያኖው እንደ ሩቅ ዝናብ ነበር። ይህ እንቅልፍ አይነሳም። ደብዳቤ የጻፍኩትም ለዚህ ነው። እጄን አወዛወዝኩ፦ በቃ!

እሳቸውም ለሙከራ ብቻቸውን ስፖርቱን ጀመሩ። ፒያኖው ክንድ ሲያነሳ የእሳቸው ይወርዳል። ፒያኖው ወደ ጎን ሲያዘነብል እሳቸው ገና ቀጥ ብለው ቆመዋል። ዓይናቸው መብራቶቹ ላይ ተተክሏል፣ በከንፈራቸው ይቆጥራሉ፣ መብራት ዘለል ሲል እሳቸውም ዘለል ይላሉ፤ ሁልጊዜ ግን ዘግይተው።

አንዲት ድምፅ እንኳ አልተሰማቸውም። ይህን ሁሉ በጋ እየሸሻቸው የሚሄደውን ፒያኖ ሲከተሉ ነበር፤ እኔ ግን ጩኸቱን አለቅነት ነው ብዬ ነበር። አፈርኩ።

ሮጬ ወረድኩና የድምፁን ቁልፍ ራሴ አዞርኩት። አራተኛዋ በራች፣ አምስተኛዋ፣ ከዚያ ቢጫው። ሁለተኛዋ ቢጫ ላይ ክንዳቸው ከፒያኖው ጋር እኩል ተነሳ። ፊታቸው ተፈታ።

"እህ፣ ይኼ ቢጫ ነው እኮ" አሉና ሬዲዮኑን ዘጉት። "ያ ደብዳቤ የጻፈው ምስኪን እንዴት ይተኛል?"

መለኪያውን በመካከላችን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል።

"የጻፍኩት እኔ ነኝ" አልኩ። ድምፄ ከጉሮሮዬ ብዙም አልራቀ፣ ለእሳቸው ጆሮ የሚበቃ አልነበረም። አንዲት አረንጓዴ ግን ብልጭ ብላ ጠፋች።

ኩሱሞቶ ሳን መብራቷን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ።

"የሆነ ነገር ተናገርክ" አሉ። "ጠንከር አድርገህ በለው።"

"ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ! ነገ ኦኩዴራ ሳን ዘንድ ሄጄ አቤቱታዬን አነሳለሁ!" አልኳቸው፣ ቢጫው እስኪበራ ድረስ።