ቡና ማስጫ ላይ የተሰጣ ትምህርት

የጥንት ሊቃውንት «ትምህርት ቤት» ሲሉ «ቤት» የምትለውን ቃል ምን ነክቷቸው እንደጨመሯት እስካሁን አልታወቀም። ይህን ታላቅ ስህተት የማረም ዕጣ የወደቀው ከጅማ ወደ ሰቃ በሚወስደው መንገድ ዳር ላለች አንዲት ኮሌጅ ዲን ሆነው በተሾሙት በአቶ እሱባለው ላይ ነው።

አቶ እሱባለው ባለ ራእይ ነበሩ። ራእያቸውም ግልጽ ነበር፤ ኮሌጃቸው «አርአያ» ተብላ ከተመረጠች ጅማ ከተማ ላይ ምንጣፍ የተነጠፈበት ቢሮ ይሰጣቸዋል፤ በየማለዳው ሚኒባስ ውስጥ የሰው ዶሮ ታቅፈው መምጣታቸውም ይቀራል። እንዲህ ያለ ራእይ ያለው ሰው ደግሞ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም።

አዲስ አበባ የሁለት ቀን ስልጠና ተካፍለው በተመለሱ ማግሥት መምህራኑን ሰብስበው «ትምህርትን ከግድግዳ እስር ነፃ የማውጫ ሰነድ» አነበቡ። በሰነዱ መሠረት አርባዎቹ የሥራ አመራር ተማሪዎች ከእንግዲህ የሚማሩት በቨርቹዋል ምኅዳር ነው። ትምህርቱ ተቀርጾ በስልካቸው ይመጣል፤ ስልኩም በየአሥር ደቂቃው «አሉ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ተማሪው «አለሁ» የምትለዋን ነካ ሲያደርግ ሲስተሙ መገኘቱን ይመዘግባል። ተማሪዎቹ ወደ ድሮው ልማዳቸው እንዳይመለሱም የመማሪያ ክፍሉ ይቆለፋል።

ሃያ ዓመት በጠመኔ ያስተማሩት መምህር ደሬሳ እጃቸውን አወጡ።

«ግቢያችን ውስጥ ኔትወርክ የለም እኮ» አሉ።

«እሱ የአፈጻጸም ጉዳይ ነው» አሉ አቶ እሱባለው።

«ታዲያ ልጆቹ የት ይቀመጣሉ?»

«በምኅዳሩ ውስጥ።»

መምህር ደሬሳ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ብለው አጉረመረሙ። ቃለ ጉባኤው «መምህር ደሬሳ ሐሳቡን በምሳሌያዊ አነጋገር አጠናክረዋል» ብሎ መዘገበላቸው።

የመክፈቻውን ትምህርት የቀረጹት ራሳቸው ዲኑ ናቸው። «ተማሪ ሆይ፣ አካልህ የትም ይሁን፤ ልብህ ግን እዚሁ ይገኝ» የሚለው ቦታ ላይ ሲደርሱ እንባ ስለተናነቃቸው ሁለት ጊዜ ነው የተቀረጸው። ንግግሩ በጣም ከማማሩ የተነሳ በእያንዳንዱ ትምህርት መግቢያ ላይ እንዲደገም ታዘዘ።

በዚያ አካባቢ ኔትወርክ የሚገኘው ከኮሌጇ በላይ ባለው ጉብታ፣ በወይዘሮ ወርቂቱ፣ ሰፈሩ እንደሚጠራቸው በአደ ወርቂቱ፣ ግቢ ብቻ ነው። አደ ወርቂቱ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቡናቸውን ብቻቸውን ለቅመው ብቻቸውን የሚያደርቁ ሴት ናቸው። ከግቢያቸውም ኔትወርኩ እንደ ልብ የሚሆነው ቡናው ከሚሰጣበት የሽቦ አልጋ ዘንድ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አርባውም ተማሪ ወጣና እየተጋፋ ቡናውን ደፋው። በሁለተኛው ሳምንት አምስት አምስት እየሆኑ፣ የቀሪዎቹን ስልክ እየያዙ በተራ ወጡ። በሦስተኛው ሳምንት የክፍሉ ተጠሪ ፊርዶስ አርባውን ስልክ በዘንቢል ይዛ ብቻዋን መጣች።

«አደ ወርቂቱ፣ ማሎ፣ እባክዎ» አለች፤ «ቡናውን ሲያገላብጡ እግረ መንገድዎን እነዚህንም ነካ ነካ ያድርጉልን።»

አደ ወርቂቱ እሺ ያሉት ለትውልዱ አስበው ብቻ አይደለም። አርባ ስልክ ባንድ ጊዜ በአቶ እሱባለው ድምፅ «ተማሪ ሆይ» ሲል ቡናቸውን የሚያስቸግሩት ጦጣዎች ዛፍ ለዛፍ ሸሹ። የዲኑ ንግግር የሚለካ ውጤት ሲያስመዘግብ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነው።

ከዚያ ወዲህ ስልኮቹ በየጠዋቱ በአልጋው ጠርዝ፣ በጥላው በኩል እንደ ቡናው ተሰጡ። አደ ወርቂቱ ቡናውን ያገላብጣሉ፣ አርባውን ስልክ በተራ ይነካሉ፣ ተመልሰው ያገላብጣሉ። ተማሪዎቹ ታች ሻይ ቤት ከረንቡላ ይጫወታሉ። ሲስተሙም ሦስት ወር ሙሉ አርባ ከአርባ መዘገበ። መምህር ደሬሳ ስለ ከረንቡላው ሹክ ሊሏቸው ቢመጡ አቶ እሱባለው መቶ በመቶ የሚለውን ሪፖርት ገልጠው አሳዩአቸው። እውነትም ሪፖርቱ ላይ ከረንቡላ የሚል አልነበረም።

አርአያ ኮሌጅ የሚመርጠው ቡድን የመጣ ዕለት፣ መሪዋ ዶክተር ጵርስቅላ ሲስተሙን ከፍተው ካርታውን ቢያዩ አርባው ተማሪ በየቀኑ አንዲት ነጥብ ላይ ተሰብስቧል። እንዲህ ያለ ኅብረት በሥራ ዘመናቸው ሁሉ እንዳላዩ ተናግረው ቦታውን በዓይናቸው ለማየት ፈለጉ። አቶ እሱባለው ስለ ነጥቧ ሰምተው ባያውቁም ነጥቧ የራሳቸው ራእይ መሆኗን አረጋገጡ። የምንጣፉን ቀለም በልባቸው እያማረጡም ከፊት ከፊት እየመሩ ዳገቱን ወጡ።

ጉብታው ላይ አንዲት ሴት፣ አንድ አልጋ ቡናና አርባ ስልክ ጠበቋቸው። ፊርዶስና ጓደኞቿ ወሬው ደርሷቸው እያለከለኩ ቢመጡም ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ።

ዶክተር ጵርስቅላ ለፍርድ አልቸኮሉም። ወደ ተማሪዎቹ ዞረው አራቱን የሥራ አመራር ተግባራት እንዲነግሯቸው ጠየቁ። አርባው ተማሪ ጫማ ጫማውን ያይ ጀመር። ለአቶ እሱባለው ቢሮው ከነምንጣፉ ሲሄድ ታያቸው።

«ማቀድ፣ ማደራጀት፣ መምራት፣ መቆጣጠር» አሉ አደ ወርቂቱ፣ እጃቸውን ከቡናው ሳያወጡ። «አራተኛው ላይ ኦቦ ዲን ትንሽ ያስላሉ።»

ዶክተሯ አሥር ጥያቄ ጠየቋቸው፤ ዘጠኙን መለሱ። አሥረኛውን «ይቺ በደንብ አልታቀደችም» ብለው አስተካክለው ሰጧቸው።

የቡድኑ ሪፖርት በሳምንቱ መጣ። «ቨርቹዋል ምኅዳር ከአካላዊ ምኅዳር፣ በተለይም ከቡና አልጋ ጋር ሲቀናጅ ለመማር እንደሚያግዝ ተረጋግጧል» ይላል። «ከተመዘገቡት አርባ ተማሪዎች መካከል አንዲት ያልተመዘገቡ ተምረዋል።» ስለዚህ ክፍሉ ይከፈት፣ ወይዘሮ ወርቂቱ ይመዝገቡ፣ ዲኑም ስለ መማሪያ ምኅዳር ሦስት ወር በቨርቹዋል ይሰልጥኑ፤ የቢሮው ጉዳይ በስልጠናው ውጤት ይወሰናል።

መምህር ደሬሳ ያን ዕለት ሳጥናቸውን ከፍተው ጠመኔያቸውን አራገፉ። ደስታቸውን ለመደበቅ ቢሞክሩም አልተሳካላቸውም። አደ ወርቂቱ ከሰዓት በኋላ እየወረዱ ከፊት ወንበር ላይ መቀመጥ ጀመሩ።

ስልጠናቸው በተጀመረበት ሰኞ ጠዋት አቶ እሱባለው ስልካቸውን ይዘው ጉብታውን ወጡ። ስብሰባ እንዳለባቸው ለአደ ወርቂቱ ነገሯቸው፤ ስብሰባው ስለ ትምህርት ጥራት ስለሆነ ሊቀሩ አይችሉም። ስልኩን ጠርዝ ላይ አድርገው ነካ ነካ እንዲያደርጉላቸው በትሕትና ጠየቁ።

አደ ወርቂቱ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ስልኩን ተቀበሏቸው።

«ስልኩንስ ላስጣልዎ እችላለሁ፣ ኦቦ እሱባለው» አሉ። «ግን ያቺ የሚያስለቅስዎት ቦታ ላይ፣ አካልህ የትም ይሁን ልብህ እዚሁ ይገኝ ይላሉ። ልብዎን የት ላስጣው?»

አቶ እሱባለው መልሱን ሲፈልጉ ስልኩ ቀደማቸው። «አሉ?» ብሎ ጠየቀ። አደ ወርቂቱ ሳይነኩት ለባለቤቱ መለሱና ቡናቸውን ማገላበጥ ቀጠሉ።